በሸክላ ሲኒ ሻይ ስለ መጠጣት

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ሲኒ ነው። ከእኛ አንዱ፣ የቀየት ልጅ ነው፣ ከእረፍት ሲመለስ ከበሶውና ከቆሎው ጋር በአሮጌ ባና ቁራጭ የተጠቀለለች የሸክላ ሲኒ ይዞ መጣ። ቁመቷ ከመሀል ጣት አትዘልም፤ መልኳ ጥቁር ሆኖ ወደ አፏ ገደማ ቀላ ትላለች፤ ጆሮዋ ቁርጥ የጀበና ጆሮ። አፈሩ የአገሩ አፈር፣ ሠሪዋም የአገሩ ሸክላ ሠሪ ናት። ጠረጴዛው ላይ አኖራትና «በሉ፣ ዛሬ በእሷ እንጠጣ» አለን።

ሻዩን በምን እንደምናፈላ አንናገርም፤ ፕሮክተሩ ይህችን መጽሔት ያነባት ይሆናል። ብቻ ሻዩ ፈላ። አራት ነን፤ ሦስት የቻይና ሲኒና አንድ የሸክላ ሲኒ አለን። የሸክላዋ የደረሰችው ጓደኛችን ከመጠጣቱ በፊት ተነሥቶ ወጣና አጠባት። ተመልሶ አገላብጦ አያትና እንደገና ወጥቶ በሳሙና አጠባት። ለሦስተኛ ጊዜ ሳሙናውን ሲያነሣ ግን ባለ ሲኒው ዝም ሊል አልቻለም። «የቻይናውን ሲኒ ስንት ጊዜ በሳሙና አጥበኸዋል?» ሲል ጠየቀው። እውነቱን ለመናገር ከገበያ ከገዛነው ጀምሮ በውኃ ለቅለቅ ከማድረግ በቀር ማንም አጥቦት አያውቅም። ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሲኒዋ ለሌሎቻችን ደርሳን ቢሆን ኖሮ እኛም ሳንነሣ አንቀርም ነበርና።

በመጨረሻ ሻዩ ተቀዳ። ጓደኛችን አንድ ጊዜ ፉት አለና ፊቱን አጨማደደ፤ «አፈር አፈር ይላል» አለ። ተራ በተራ ቀመስንለት፤ እውነትም አንድ የሆነ ጣዕም አለው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሲኒዋ ከሥሯ ማላብ ጀመረች፤ ጠረጴዛው ላይ ክብ የውኃ ምልክት ቀረ። ነገሩ በዚሁ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ ዕቃው ጥሩ አይደለም ብሎ መስኮት ላይ አስቀምጦ መርሳት ነው። እኛ ግን ያን ሌሊት እስከ ስድስት ሰዓት ስንከራከር አመሸን፤ ክርክሩም ከዚያ ወዲህ አላቋረጠም። በዚህች ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄም ከዚያ ክርክር የወጣ ነው። ጓደኛችን ሦስት ጊዜ ሊያጥበው የተነሣው ምንድን ነበር?

የመጀመሪያው መልስ «አፈር ነዋ!» የሚል ነው። ቀላል መልስ ነው፤ ደጋፊም አያጣም። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ዳግላስ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ንጽሕናና አደጋ» በተባለው መጽሐፏ፣ ቆሻሻ ማለት ከቦታው ውጭ የተገኘ ነገር እንጂ በራሱ ቆሻሻ የሆነ ነገር የለም የሚል ሐሳብ ታቀርባለች። አፈር እርሻ ላይ ሲሆን አፈር ነው፤ አልጋ ላይ ሲገኝ ነው ቆሻሻ የሚባለው። እንግዲህ ከንፈር ለአፈር ቦታው አይደለም እንበል። ግን ይህ መልስ ብዙ አላራመደንም። የምንበላው እንጀራ የሚጋገረው በሸክላ ምጣድ ነው። እናቶቻችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛን ብለው ሲደሰቱ እንኳ ላዩ ያው ሸክላ ነው። ወጡ በሸክላ ድስት፣ ጠላው በሸክላ ጋን፣ ቡናው በሸክላ ጀበና ነው የሚሰናዳው። ያገራችን ሰው ከሸክላ ዕቃ ያልወጣ ምን በልቶና ጠጥቶ ያውቃል? አፈሩ ቢሆን ኖሮ የሚያስጠላን፣ በረሃብ ባለቅን ነበር።

ስለዚህ አፈሩን ተውነው፤ ወደ እጁ ሄድን።

እዚህ ላይ ሲኒዋ እንዴት እንደተሠራች መናገር ያስፈልጋል፤ የከተማ ልጆች የሆንነው አናውቅም ነበርና። የቀየቱ ጓደኛችን የሚያውቀው በልጅነቱ ከሩቅ ቆሞ ካየው ነው። ለምን ከሩቅ እንደቆመ በኋላ እንደርስበታለን። የሸክላ አፈር እንደ ማንኛውም አፈር ከደጅ አይታፈስም። የሚገኝበት ቦታ ይታወቃል፤ ብዙውን ጊዜ ከወንዝ ዳር ወይም ከገደል ሥር ተቆፍሮ በጀርባ ነው የሚመጣው። ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ጠጠሩና ሥራ ሥሩ ይለቀማል፤ ይነፋል። ከዚያ በውኃ ይዘፈዘፋል። ለብቻው ከተሠራ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የተሰበረ የሸክላ ዕቃ፣ ገሉ ማለት ነው፣ ተወቅጦ እንደ ዱቄት ይጨመርበታል። ይህ ነገር በጣም አስገረመን። የአንድ ጎረቤት ጋን ሲሰበር ገሉ ተለቅሞ በሚመጣው ዓመት ጀበና ውስጥ ይገባል። በዚህች በሲኒያችን ውስጥ የስንት ሰው እንስራ እንዳለ ማን ያውቃል?

ጭቃው በእግር ይረገጣል፤ በእጅ ይታሻል። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም። ትልቅ ዕቃ ሲሆን ሸክላ ሠሪዋ ራሷ ጎንበስ ብላ ዕቃውን ትዞረዋለች፤ ትንሽ ሲሆን ገል ላይ አስቀምጣ በአንድ እጇ ታዞረዋለች። ጭቃውን እንደ ገመድ እያድበለበለች በላይ በላዩ ትደርበዋለች፤ መጋጠሚያውን በጣቷ ታጠፋዋለች፤ በቅል ስባሪ ትፍቀዋለች፤ በእርጥብ ቆዳ ከንፈሩን ታስተካክላለች። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። በደጋው ብርድና ጭጋግ ይህ ቀናት ይፈጃል። ግማሽ ሲደርቅ በወንዝ ድንጋይ ይለሰልሳል፤ ያ የጀበና ጥቁር ወዝ የሚመጣው ከዚህ ማሸት ነው እንጂ ቀለም ተቀብቶ አይደለም። በመጨረሻ እሳት። ምድጃ አይሠራለትም፤ መሬት ላይ ይከመርና ኩበት፣ ጭራሮ፣ ቅጠል ይለበስበታል። መንዝ ዛፍ የሚተርፈው አገር አይደለም፤ ኩበቱ የእርሻ ማዳበሪያም የቤት ማገዶም ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሸክላ መተኮስ ለአንዲት ድኻ ሴት ቀላል ወጪ አይደለም። እሳቱ እንደ ነደደ በቅጠልና በገለባ ከታፈነ ዕቃው ይጠቁራል፤ አየር ካገኘ ይቀላል። የሲኒዋ አፍ ቀላ ያለው አየር ስላገኘ ነው።

ኬሚስትሪ የሚያጠናው ጓደኛችን እንደነገረን ጭቃ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በውስጡ የታሰረው ውኃ ይወጣና ከዚያ በኋላ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። እንዲህ ያለው የሜዳ እሳት ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይደርሳል፤ የቻይናው ሲኒ የሚወጣው ግን ከ1300 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው። የቻይናው ቀልጦ እንደ ብርጭቆ ተዘግቷል፤ የእኛው አልቀለጠም፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው፤ ያልባል። ግን ይኸው ቀዳዳ ነው ጀበናው እሳት ላይ ተጥዶ እንዳይፈነዳ የሚረዳው። የቻይናውን ሲኒ ከሰል ላይ ጣዱትና እዩ! (ይህን የምንለው ሞክረነው ነው፤ ለዚህ ነው ሦስት የቀሩን።)

ቃሉንም ተመለከትነው። «ሲኒ» የሚለው ቃል የመጣው ከዐረብኛ ነው፤ ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው። ሻይም የቻይና ቃል ነው። ስለዚህ «የሻይ ሲኒ» ስንል ሁለት ጊዜ ቻይና ብለናል ማለት ነው። ጀበናው ያገር ልጅ ሆኖ፣ እሳት ላይ ተቀምጦ፣ ጠቁሮ ያፈላል፤ ከንፈራችን የሚነካው ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ነጩ ነው። በሐዋሳ የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ሲቋቋም ሰሃንና ሲኒ ባገር ልጅ ጉልበት ተሠርቷል፤ ያም ቢሆን የሠራው ፋብሪካ ነው፣ ነጭም ነው፤ የማን እጅ እንደነካው አይታይም።

ክርክራችን የጠነከረው ይህን ስንል ነው። ካርል ማርክስ በ1867 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ካፒታል» ውስጥ ሸቀጥ ገበያ ላይ ሲውል የሠሪውን ሰው ጉልበትና ኑሮ ይሸፍናል፤ ዕቃ ከዕቃ ጋር የሚነጋገር ይመስላል፣ ከበስተጀርባው ያለው ሰው ይጠፋል ይላል። ይህን እንደ ጉዳት ነው የሚያየው። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘነው። የቻይናው ሲኒ ንጹሕ የሆነልን ሠሪው ስለማይታይ ነው። አንድ ሺህ ሰው ነክቶት ይሆናል፤ ማንነታቸውን ስለማናውቅ እንደነኩት አንቆጥረውም። የሸክላዋ ሲኒ ግን ሠሪዋ ትታያለች። ጣቷ ሳይቀር ይታያል፤ ከጆሮው ሥር የአውራ ጣት አሻራ አለ። ጓደኛችን ሊያጥበው የተነሣው አሻራውን ነበር።

እዚህ ላይ ባለ ሲኒው ዝም ብሎ ቆየና አንድ ነገር ነገረን። ሲኒዋን ለእኛ ብሎ አልነበረም ያሠራት፤ ለእናቱ ነበር። ለበዓል ልስጣት ብሎ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ሄደ፤ በስልኩ ላይ የሲኒ ሥዕል አሳያት። ሳቀች፤ «ሲኒ እኮ የፈረንጅ ነው» አለችው፤ ግን ሠራችለት። ቤት ይዟት ሲገባ እናቱ ተቀብለው አገላብጠው አዩና ማን እንደሠራት ጠየቁት። ሲነግራቸው ሲኒዋን መደቡ ላይ አኖሩ።

«ጀበናውስ ይሁን። ከንፈር የሚነካ ዕቃ ከእሷ እጅ?» አሉት።

«እማ፣ ከጀበናው የሚቀዳውም ቡና ከንፈር ይነካል እኮ።»

«ጀበናው እሳት ላይ ይጣዳል። እሳት ያጠራዋል።»

«ይችስ ከእሳት አይደል የወጣችው?»

ትንሽ አሰቡ አለን። ከዚያ «እሱስ እውነትህን ነው» አሉት። ግን ሲኒዋን ወደ ረከቦቱ አላወጧትም። ለመንገድ ስንቁን ሲቋጥሩለት እሷንም በባናው ቁራጭ ጠቀለሏትና «አንተ እዚያ ተጠቀምባት» ብለው ሰጡት። እንግዲህ ሲኒዋ ወደ እኛ የመጣችው ከቤት ስለተመለሰች ነው።

የእናቱ መልስ የፍልስፍና መምህሮቻችን ካስተማሩን ይልቅ አሳሰበን። ክርክሩን ተሸንፈዋል፤ መሸነፋቸውንም አውቀው ተናግረዋል፤ ሥርዐቱ ግን አልተነቃነቀም። እኛ ደግሞ ሰው ምክንያቱ ሲፈርስበት ልማዱን ይተዋል ብለን ነበር የምናምነው። ለካ ልማዱ በምክንያት ላይ አልቆመም።

ታዲያ በምን ላይ ነው የቆመው? ስሙን እንጥራውና ቡዳ የሚለው ነገር ላይ ነው። ሸክላ ሠሪ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ «ጠይብ» ተብሎ፣ ዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ብዙዎቻችን በልጅነታችን ፈርተናል፤ ጓደኛችን ከሩቅ ቆሞ ያየውም ለዚህ ነበር። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ እዚያው መንዝ ውስጥ ኖሮ ስለዚህ እምነት ያጠናውን በ1974 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ከጽሑፉ የገረመን የቡዳው ታሪክ አይደለም፤ እሱንማ ከአያቶቻችን እናውቀዋለን። ቡዳ የሚባሉት ሰዎች ርስት የሌላቸው የእጅ ባለሙያዎች መሆናቸውን ማሳየቱና፣ ፍርሃቱን ባለርስቶቹ በራሳቸው መካከል ካለው የውርስ ሽሚያና ምቀኝነት ጋር ማያያዙ ነው። ነገሩ በቀላል አማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው፦ መሬት ነፈግናቸው፤ መሬት ስላጡ በእጃቸው ሥራ አደሩ፤ ከዚያ «የኛን ቢመኙ ነው እንጂ ምን አላቸው» ብለን ዓይናቸውን ፈራን። ሰውን አስርቦ ዓይኑን መፍራት! ጥፋቱ የአስራቢው ሆኖ ሳለ ርኩሰቱ ወደ ተራበው ዞረ።

በሕግ በኩል ብዙ ተሠርቷል፤ አልተሠራም አንልም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ርስት የነበረውና ያልነበረው የሚለው ልዩነት በሕግ ፈርሷል፤ ማረስ የሚፈልግ ሁሉ የሚያርሰው መሬት እንዲያገኝ ተደንግጓል። ከምኒልክ አዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ግን አዋጅ የሚደርሰው እስከ ደጃፍ ነው፤ ረከቦት ላይ ምን እንደሚቀመጥ አዋጅ አይወስንም። ቤተ ክርስቲያን ቆመን ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት እንደወረደ፣ ፈጣሪም ራሱን በሸክላ ሠሪ እንደመሰለ ስንሰማ አሜን እንላለን፤ ከቅዳሴ ስንወጣ ደግሞ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ለወንድማችን አንድርም።

ከእኛ አንዱ፣ ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው፣ ይህ ሁሉ ሐተታ አልተዋጠለትም። «እናንተ ነገር ታበዛላችሁ፤ ዕቃዋን ግዟት፣ ጥሩ ዋጋ ክፈሏት፣ አከበራችኋት ማለት ነው፤ ሌላው የቅንጦት ወሬ ነው» አለ። ይህን አቃልለን አናልፈውም። አዲስ አበባ ውስጥ በቀጨኔ ሴቶች ሸክላ ሲሠሩ ዘመናት አልፈዋል፤ የብዙዎቹ ቤተሰብ መነሻ ሰሜን ሸዋ ነው። እነሱ ዘንድ ሄዶ «ዋጋውን ተዉት፣ ክብር እንሰጣችኋለን» የሚል ሰው ቢገኝ ምን እንደሚሉት መገመት አያዳግትም። ገንዘብ ክብር አይደለም የሚለው ገንዘብ የማይቸግረው ሰው ነው። ቢሆንም ጓደኛችንን አንድ ነገር ጠየቅነው። የቀየት ሰው እኮ ለሸክላ ሠሪዋ ከፍሎ ነው የሚገዛው፤ አባቶቹም ከፍለዋል። ሲገዙ ኖረዋል፤ አላከበሩም። መክፈል ግድ ነው፤ ግን ብቻውን አልበቃም፤ በቂ ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ ከስንት ትውልድ በፊት አልቆ ነበር።

ሌላው ደግሞ ከጃፓን ምሳሌ አመጣ። ጃፓኖች ለሻይ ሥርዐታቸው ከምንም በላይ የሚያከብሩት አንድ የሻይ ጎድጓዳ አለ፤ ኪዮቶ ውስጥ በዳይቶኩጂ ገዳም ይጠበቃል፤ የአገሪቱ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። የተሠራው ግን ጃፓን አይደለም፤ ኮሪያ ነው። ሶኤትሱ ያናጊ የተባለው አሳቢ በ1931 እ.ኤ.አ. አይቶት እንደጻፈው፣ ይህ ዕቃ ድኾች ሩዝ የሚበሉበት ተራ ጎድጓዳ ነበር፤ የሠራውም ስሙ የማይታወቅ፣ ስለ ውበት ተጨንቆ የማያውቅ ተራ ሸክላ ሠሪ ነው፤ ውበቱም የመጣው ከዚሁ ስም አልባነት ነው ይላል። ጓደኛችን በዚህ ተደስቶ «አያችሁ፣ የእኛም ሲኒ እንዲህ ልትከበር ትችላለች» አለ።

እኛ ግን በዚህ ምሳሌ ልባችን አልሞላም። ያ ጎድጓዳ ስም አለው፤ «ኪዛኤሞን» ይባላል። ኪዛኤሞን ማን ነው ቢሉ የኦሳካ ነጋዴ ነው፤ ከባለቤቶቹ አንዱ። የሠሪው ስም ጠፍቶ የገዢው ስም ቀረ። ዕቃው በሐር ተጠቅልሎ በሣጥን ላይ ሣጥን ተደርቦለት ሲቀመጥ ለኮሪያው ሸክላ ሠሪና ለልጅ ልጆቹ ምን ደረሳቸው? ማድነቅም ሰውን መርሻ ሊሆን ይችላል። ያናጊ ስም አልባነትን እንደ ትሕትና ያየዋል፤ ሠሪው ስሙን የተወ አድርጎ። የቀየቷ ሸክላ ሠሪ ግን ስሟን አልተወችም። የጠየቃት ሰው የለም እንጂ።

ይህን ስንናገር ነው አንዳችን ድንገት ወደ ባለ ሲኒው ዞሮ «ለመሆኑ ስሟ ማነው?» ያለው።

አላወቀውም።

ከቤታቸው እስከ ሸክላ ሠሪዋ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ያደገው እሷ በሠራችው ምጣድ በተጋገረ እንጀራ ነው። የመንደሩን ሰው ሁሉ፣ ውሻውን ሳይቀር፣ በስም ያውቃል። እሷን የሚያውቃት «ሸክላ ሠሪዋ» በሚል ብቻ ነው። እኛም ማረፍ አልቻልንምና ሲያዛት ምን ብሎ እንደጠራት ጠየቅነው። «አንቺ ነው ያልኳት» አለ። የእናቱ እኩያ ናት። ሌላዋን የእናቱን እኩያ፣ በመንገድ ያገኛትን እንኳ ቢሆን፣ አንቱ ይላል፤ እትዬ ብሎ ይጠራል፤ እንዲያ ብለው ነው ያሳደጉት። ለእሷ አንቱ ማለት እንደሚቻል ትዝም አላለው። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ከእኛ መካከል የተሻለው እሱ ነው፤ ሄዶ ያሠራትም እሱ ነው።

አንባቢ ልብ ብሎ እንደሆነ፣ እኛም በዚህች ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጀምሮ የጓደኛችንን እናት «እሳቸው»፣ ሸክላ ሠሪዋን «እሷ» ስንል ቆይተናል። መጀመሪያ ስንጽፍ ማናችንም አላስተዋልነውም። ሊቀጂ የነበረውን ወረቀት ስናነብበው ነው ያየነው። ልናርመው አሰብንና ተውነው፤ እንደነበረ ይታይ ብለን። ከዚህ በኋላ ግን እሳቸው እንላለን።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ ሁለት የተለያዩ አላዋቂነቶች እንዳሉ ይታየናል። የቻይናውን ሲኒ ሠሪ አናውቅም፤ ባለማወቃችን ምክንያት ዕቃው ንጹሕ ሆነልን። የሸክላዋን ሠሪ ደግሞ እናውቃለን እንላለን፤ ዘራቸውን፣ «ዓይናቸውን»፣ ሌሊት ምን እንደሚሆኑ ሳይቀር እናውቃለን፤ ስማቸውን ግን አናውቅም። አንድን ሰው እንዲህ አድርጎ ማወቅ ካለማወቅ ይብሳል ብለን እናምናለን። የቻይናውን ሠራተኛ በድለነው ከሆነ በርቀት ነው። እሳቸውን የበደልነው ግን እንጀራቸውን እየበላን ነው። «እኛ ደግሞ ምን አደረግን? ገና ልጆች ነን፣ ልማዱን ያቆየው ሌላ ነው» የሚል ተነሥቶ ነበር። ሳሙናውን ያነሣው ግን ማንም ሽማግሌ አይደለም።

የቀረው የሲኒዋ ጉዳይ ነው። ማላቧ አልቆመምና ጓደኛችን ለእናቱ ስልክ ደውሎ ምን እንደሚደረግ ጠየቀ። እናቱ ጀበናና ምጣድ ማሟሸት ያውቃሉ፤ ሲኒ ግን አሟሽተው አያውቁም። «እስቲ ልጠይቅልህ» አሉት። በሦስተኛው ቀን መልሰው ደወሉ። ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሲኒዋ አጠገብ አኖረው። የገብስ ዱቄት በውኃ በጥብጣችሁ ቀጠን ያለ አጥሚት አድርጉ፤ ሲኒዋን እውስጡ ከታችሁ ቀስ ብሎ ይፍላ፤ እዚያው ይደር፤ ጠዋት ደፍታችሁ አድርቋት፤ ሁለተኛ ድገሙት፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው እሱ ነው፤ ሻይ ስትቀዱ መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ አሙቋት አሉ። ቀጥለውም፣

«ደግሞ በሳሙና አትጠብ። ሸክላ ሳሙና ይጠጣል፤ ከዚያ የምትጠጡት ሳሙናውን ነው። ያጠባት አለ እንዴ?»

ማናችንም አልመለስንም። ያ «አፈር አፈር ይላል» ያልነው ጣዕም ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባን።

ጓደኛችን ስማቸውን እንዲጠይቁለት ነግሯቸው ነበርና እናቱ ስማቸውን ነገሩን። እዚህ አንጽፈውም፤ ፈቃዳቸውን አልጠየቅንም፤ ይህች ወረቀት ደግሞ የት የት እንደምትደርስ አናውቅም። ከዚያ ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት የተባለው አንድ ነገር ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እናቱ የሸክላ ሠሪዋን ምክር ሲያቀብሉ በመጨረሻ «እንዲህ አድርጉ አሉ» ማለታቸውን ሁለታችን ሰምተናል። ሌላው «አለች» ነው ያሉት ይላል። ባለ ሲኒው ራሱ፣ የእናቱን አነጋገር የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ፍርዱን ለእሱ ሰጥተነው ነበር፤ መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር በደንብ አልሰማሁም አለን። ደውለህ ጠይቅ ብንለው «ይህ ይጠየቃል?» ብሎ እምቢ አለ።

ሲኒዋን እንደተባልነው ሁለት ጊዜ አሟሸናት። ማላቧን ትታለች። ሻዩ ጥቂት የገብስ ሽታ አለው፤ ጣዕሙ አያስከፋም። ሦስታችን በተራ እንጠጣባታለን። ያ ሦስት ጊዜ ያጠባት ጓደኛችን ግን እስካሁን በቻይናው ነው የሚጠጣው። ያልንበትን ሁሉ ተቀብሏል፤ ይህን ጽሑፍም አብሮን ጽፏል። «እውነታችሁን ነው» ይለናል፤ ከዚያ ነጩን ሲኒ ያነሣል።